በመስታወት የገባ ፀሐይ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እስስት ነው። አትሳቁብኝ። 38 ዓመት በነርስነት ሳገለግል የሰው ቁስል እንጂ የአውሬ ቁስል አጥቤ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ልጄ ቤት ሄጄ ከአንዲት የታመመች እስስት ትምህርት ቀስሜ ተመልሻለሁ። ትምህርቱ በተለይ ለእኛ ለአያቶች ስለሆነ ለራሴ ይዤው ብቀር ቅር ይለኛል። ደግሞም ውጭ አገር የልጅ ልጅ ያላችሁ ሁሉ አንድ ቀን «እስስት ይገዛልኝ» የሚል ሊገጥማችሁ ይችላል። ስለዚህ የአያያዟንና የሕመሟን ምልክት አብሬ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ልጄን ላርስ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ሻንጣዬን በበሶ፣ በገንፎ ዱቄት፣ በአብሽና በተነጠረ ቅቤ ሞልቼ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው ገባሁ። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ የ10 ዓመቱ የልጅ ልጄ እጄን ይዞ «እማማ፣ ነይ ማንጎን ላሳይሽ» አለኝ። ማንጎ ሊያበላኝ መስሎኝ ተከተልኩት።

ክፍሉ ስገባ በወንፊት ሽቦ የተሠራ ረጅም ጎጆ አየሁ። ውስጡ ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው። ከቅርንጫፉ ላይ አንድ ዓይኗን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ልጁ አዙራ የተቀመጠች አረንጓዴ እስስት አለች። ማንጎ ማለት እሷ ናት። አባቱ ለልደቱ ነው የገዛለት። «ወይ ጉድ!» ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እኔ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን አጥር ላይ እስስት ስናይ ሮጠን ነበር የምናመልጠው። ትልልቆቹም ቃሉ የማይጨበጥ ሰው ሲገጥማቸው «እስስት» ብለው ስሟን ያነሱታል እንጂ ቤት ውስጥ አልጋ አጠገብ ያኖራታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ልጁ ግን በኩራት አስረዳኝ። የማንጎ ዘር የመጣው ከየመንና ከሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ ከእኛ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ማለት ነው። ራሷ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት አላት። ምላሷ ሲዘረጋ ከገላዋ ይረዝማል። ቀለሟ የሚለወጠው እኛ እንደምንለው የነካችውን ሁሉ ለመምሰል አይደለም። ስትቆጣ፣ ስትፈራ፣ ሲበርዳት፣ ሲሞቃት ወይም ሲያማት ነው። «ታዲያ ቀለሟ የሙቀት መለኪያዋ ነው ማለት ነው» አልኩት። ሳቀ። በዚያው ተወዳጀን።

ሕፃኑ ኅዳር መጨረሻ ላይ በሰላም ተወለደ። ቤቱ የአራስ ቤት ሆነ። እኔም ገንፎውንና አጥሚቱን ስል፣ ልጅ ሳሻሽ፣ ሌሊት ተራ ስጠብቅ ማንጎን ረሳኋት።

ጥር ገብቶ አንድ እኩለ ቀን ላይ የልጁን ልብስ ላጣጥፍ ክፍሉ ስገባ እስስቷ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። ማታ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጠየቅሁት።

«ተኝታ ነው፤ ሰሞኑን ሰነፍ ሆናለች» አለኝ።

እኔ በሥራ ዘመኔ ሰነፍ ሕመምተኛ አይቼ አላውቅም። ሕፃናት ክፍል ስሠራ የሚያስፈራኝ የሚጮኸው ልጅ አልነበረም። የሚጮኸው ጉልበት አለው። የሚያስፈራኝ ዝም ያለው፣ እናቱ «ዛሬስ ረጋ ብሎልኛል» የምትለው ነበር። አውሬ ደግሞ ከሕፃንም ይብሳል። ደክሞት ከታየ ሌላ አውሬ ይበላዋልና ሕመሙን እስከ መጨረሻው ይደብቃል። እስስት በቀን ዓይኗን ከጨፈነች ሕመሙ ቆይቷል ማለት ነው። ይህን ያኔ አላወቅሁም፤ ኋላ ሐኪሟ ናት የነገረችን። እኔን ያሳሰበኝ የቆየ ልማዴ ነው።

ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ተመለከትናት። እስስት ጣቶቿ እንደ ጉጠት ሁለት ወገን ሆነው ቅርንጫፉን ጭብጥ ያደርጋሉ። የማንጎ የፊት እግር ግን ይዞ ይለቅ ነበር፤ እየያዘችም ትንቀጠቀጣለች። ልጁ በሣጥን ከሚሸጠው ፌንጣ አንዱን አስገባላት። አየችው፣ አፏን ከፈተች፣ ምላሷ ጥቂት ብቅ አለና ቀረ። ፌንጣው ሄደ። ባትሪ አብርቼ እግሯን ሳይ ከክርኗ በታች መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ላይ እንደ ቅስት ጎብጧል።

ያን ጉብጠት አውቀዋለሁ። የሰው ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሪኬትስ የምንለው ነው። የአንጓ አጥንታቸው ያበጠ፣ እግራቸው የጎበጠ፣ እርግብግቢታቸው በጊዜው ያልገጠመ፣ በዓመት ከስድስት ወራቸው መቆም ያቃታቸው ልጆች በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጡ ነበር። የብዙዎቹ እናቶች ድሆች አልነበሩም። ልጁን ቡዳ እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው ብለው ሸፋፍነው ከቤት ያላወጡት ነበሩ። ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ያጡ ልጆች ናቸው። ጉዳቱም በእግር መጉበጥ አያበቃም። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ያሉ በሳንባ ምች የታመሙ 500 ልጆችን የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከታመሙት 210፣ ካልታመሙት ግን 20 ብቻ ሪኬትስ ተገኘባቸው። የደረት አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ አሳምሮ መተንፈስ አይችልምና።

ለልጁ «እኔ የሰው ነርስ ነኝ፤ ይህችን የሚያውቅ ሐኪም ይያት» አልኩት። አባቱም ደወለ። እዚያ አገር የእንስሳት ሐኪም ሁሉ እስስት አያክምም። የሚበዙት ውሻና ድመት ነው የሚያዩት። ስለዚህ ሲደወል «በደረት የሚሳቡ እንስሳትን ታክማላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ቦታ አይሆንም አሉት። ሦስተኛው በማግስቱ ኑ አለ። ልጁ ጎጆዋን ፎቶ አነሣ፣ የአምፖሉን ካርቶን ያዘ፣ ኩሷን በላስቲክ ቋጠረ። ይህን ሁሉ ያዘዘው በስልክ ያነጋገሩት ባለሙያ ነው። እኔም በሆዴ «ጥሩ ክሊኒክ ነው» አልኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ማንጎን ከመንካቷ በፊት ልጁን ትጠይቀው ጀመር። ምን ትበላለች? ፌንጣዎቹስ ራሳቸው ምን ይበላሉ? የካልሲየም ዱቄት ትነሰንስባቸዋለህ? በምን ትጠጣለች? አምፖሉን መቼ ገዛችሁት? ጎጆዋ የት ነው የተቀመጠው?

ልጁ አልዋሸም። ዱቄቱን «አንዳንድ ቀን» ይነሰንሳል። አምፖሉ ማንጎ ከመጣች ጀምሮ አልተለወጠም፤ ከዓመት አልፎታል። «ግን ይበራል!» አለ። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ጎጆዋን ፀሐይ እንድታገኝ ብለው መስኮቱ ሥር አድርገውላታል። ልጁም «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናት» አለ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። እስስት አጥንቷን ለመሥራት ካልሲየም ያስፈልጋታል። ካልሲየሙ ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል። ቫይታሚን ዲን ደግሞ ቆዳዋ የሚሠራው ዩ ቪ ቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። ቤት ውስጥ ለምትኖር እስስት ይህን ጨረር የሚሰጥ የተለየ አምፖል ይሸጣል። አምፖሉ ግን ያረጃል። ለዓይን እየበራ ጨረሩ ያልቃል። ስለዚህ እንደ ዓይነቱ ከ6 ወር እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት። ካልሲየም ሲጎድል ሰውነት ለልብና ለጡንቻ የሚሆነውን ከአጥንት እየሸረሸረ ይወስዳል። አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ መንጋጋው እንደ ጎማ ይሆናል። ከደሙም ሲጎድል እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ መወርወር ያቅተዋል።

«መስኮቱስ?» አልኳት እኔ።

«የመስኮት መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም። ብርሃኑና ሙቀቱ ይገባል፤ አጥንት የሚሠራው ግን ውጭ ይቀራል» አለችኝ።

እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ለጥቂት ጊዜ አልሰማሁም። ቤት የተኛው የሁለት ወር ሕፃን ነበር ከፊቴ ድቅን ያለው።

ሕፃኑ ሲወለድ የልጆች ሐኪሙ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይሰጠው ብሎ ነበር። በቀን 400 ዩኒት። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ሁሉ ከተወለዱ ጥቂት ቀን ጀምሮ ይህ እንዲሰጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል። የእናት ጡት ወተት ሌላው ሁሉ የተሟላለት ሲሆን ቫይታሚን ዲው ግን ትንሽ ነው። ልጄ ጠብታውን ገዝታ ስትመጣ «ይህን ሁሉ ምን አደከመሽ? እኛ ዘንድ ልጅ በፀሐይ ነው የሚያድገው፤ እኔ አሞቅልሻለሁ» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያም በየጠዋቱ ሕፃኑን አራቁቼ፣ ቅባት ቀብቼ፣ የበረንዳው በር ተዘግቶ ከመስታወቱ ኋላ ፀሐይ ላይ አሻሸው ነበር። ውጭ በረዶ ነው፤ በሩን እንዴት እከፍታለሁ? ሲሞቀው እየተፍነከነከ ሲስቅልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ጠብታው ከነካርቶኑ ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል፤ አልተከፈተም።

38 ዓመት እናቶችን «ልጃችሁን ፀሐይ አሙቁ» ስል ኖሬያለሁ። መስታወት ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እኔ የሠራሁባቸው አካባቢዎች ፀሐይ የሚሞቀው ደጅ ነበርና። ዕውቀቴን ይዤ አገር ስሻገር ዕውቀቴ የቆመበት መሬት እንደተለወጠ አላሰብኩም። በዚያ አገር ክረምት ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ውጭ ቢወጣ እንኳ ይህ ጨረር እጅግ ይደክማል። ደግሞም እዚያ ያሉ ሐኪሞች ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን በቀጥታ ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጥ ነው የሚመክሩት።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ልጄን ቁጭ በይ አልኳትና ነገርኳት። «አጥፍቻለሁ» አልኳት።

ልጄ ዝም ብላ ካርቶኑን ከፍሪጁ ላይ አወረደች። ቆይታ «እማዬ፣ እኔም እኮ አንቺ ነርስ ነሽ ብዬ ነው የተውኩት» አለችኝ።

ይህ ቃሏ ከቁጣ ይልቅ ቆረጠኝ። ጎረቤት ቢነግራት ትጠይቅ ነበር። እኔ ስለነገርኳት ሐኪሟን ተወች። እኛ አያቶች፣ የተማርነውም ያልተማርነውም፣ በቤታችን የምንናገረው ቃል ክብደት አለው። ልጆቻችን የሚያከብሩን ሰዎች ናቸውና ስንሳሳት አብረውን ይሳሳታሉ።

በማግስቱ ወደ ልጆች ሐኪሙ ደወልን፤ አምጡት አሉን። እርግብግቢቱን፣ አንጓውን፣ ደረቱን ነካክተው ምንም ምልክት የለበትም አሉ። ጠብታውን ከዛሬ ጀምሩ፣ ያለፈውን ለማካካስ ግን ደርባችሁ እንዳትሰጡ ብለው አስጠነቀቁን። ቫይታሚን ዲ ሲበዛም ይጎዳል፤ ካልሲየም ደም ውስጥ በዝቶ ኩላሊትን ያበላሻል። ይህ ለሕፃንም ለእስስትም እኩል ይሠራል።

ማንጎስ? ራጅ ተነሣች። አጥንቷ ስስ ሆኖ ታየ፤ ደግነቱ አልተሰበረም። ሐኪሟ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ካልሲየም በልክ አዘዘችላት። አዲስ አምፖል ተገዛ። ልጁ የገዛበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፎ ጎጆው ላይ ለጠፈ። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኛ መድኃኒት ስንከፍት ቀን እንደምንጽፈው ማለት ነው። ከፍ ያሉት ቅርንጫፎች ዝቅ ተደረጉ፤ ብትወድቅ እንዳትሰበር። ምላሷ እስኪበረታ ድረስ ፌንጣውን በመቆንጠጫ አፏ አጠገብ እያቀረበ ያበላት ጀመር። ሐኪሟ ለልጁ ያልደበቀችው አንድ ነገር አለ። የጎበጠው አጥንት አይቃናም። ከእንግዲህ የሚሠራው አጥንት ግን ሊጠነክር ይችላል። ልጁ አለቀሰ። እኔም «አሁን ስላየሃት ነው የምትድነው» አልኩት።

አሁን ደግሞ ልጆቻቸው እስስት ላላቸው ወይም ሊገዙ ላሰቡ ከሐኪሟ የሰማሁትንና ባየሁት ያረጋገጥኩትን ላስቀምጥ።

ዓይን፦ ጤነኛ እስስት ቀኑን ሙሉ ዓይኗን እያዟዟረች ታያለች። በቀን መጨፈን፣ ማበጥ ወይም መጎድጎድ ሦስቱም የሕመም ምልክት ናቸው። መጎድጎድ ብዙ ጊዜ የውኃ ጥማት ነው። ማበጥ ከቫይታሚን ኤ እጥረት ወይም ከቁስለት ሊመጣ ይችላል።

ውኃ፦ እስስት ከሳሕን አትጠጣም። የምትጠጣው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ እየላሰች ነው። ስለዚህ ጎጆዋ በየቀኑ ውኃ ሊረጭና ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሊደረግላት ይገባል። በቂ መጠጣቷን ኩሷ ይነግራችኋል። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ሽንት እንደ ኖራ ነጭ ከሆነ ደህና ናት፤ ብርቱካን መልክ ካለው ጠምቷታል።

ምግብ፦ ፌንጣ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ፌንጦቹ ራሳቸው ጎመንና መሰል ቅጠል በልተው፣ ላያቸው ላይም የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶ ይሰጣሉ። ዱቄቱ ቫይታሚን ዲ ያለውና የሌለው አለ። የትኛው በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪሟ ትወስናለች።

አፍና አተነፋፈስ፦ አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትተነፍስ፣ ስትተነፍስም የምታፏጭ ወይም አፏ ላይ ንፍጥ የሚታይባት እስስት ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሙቀት ሲበዛባትም አፏን ትከፍታለችና መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። ሙቀቱ ልክ ከሆነ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ለሰው የታዘዘ አንቲባዮቲክ ሰባብሮ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

እንቁላል፦ ይህ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነው። የማንጎ ዓይነት ሴት እስስት እንደ ዶሮ ሁሉ ያለ ወንድም እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይም ትጥላለች። ለእንቁላሎቹ የሚሆነው ካልሲየም ከየት ይመጣል? ካልበላችው ከራሷ አጥንት ነው። እርጥብ አሸዋ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ዕቃ ተሞልቶ ጎጆዋ ውስጥ ካልተቀመጠላት የምትጥልበት አጥታ ልትይዘው ትችላለች። ሆዷ አብጦ፣ ወለሉ ላይ ስትንጎራደድና ስትቆፍር ቆይታ፣ ሳትጥል ደክማ ዓይኗን ከጨፈነች ሐኪም ጋ የምትሄደው በዚያው ቀን ነው። ምጥ እንደጠናባት እናት ቁጠሯት።

ክብደት፦ በሳምንት አንድ ቀን መመዘንና መጻፍ። እኔ ሕፃኑን ስመዝን ልጁ ማንጎን ይመዝን ነበር። ሚዛኑ ግን የወጥ ቤት ሚዛን መሆን የለበትም።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በደረት የሚሳቡ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የሚባለውን ተህዋስ በኩሳቸው ያወጣሉ። በጎጆውም፣ በውኃውም፣ በነካቸው እጅም ይተላለፋል። ትልቅን ሰው ለጥቂት ቀን ያስቀምጠዋል። ሕፃንን፣ በዕድሜ የገፋን ሰው፣ ነፍሰ ጡርንና የመከላከል አቅሙ የደከመን ሰው ግን ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ከ5 ዓመት በታች ልጆች ባሉበት ቤት እነዚህን እንስሳት ማኖር የማይመከር መሆኑን ያስጠነቅቃሉ። ሕፃን ያለበት ቤት አዲስ እስስት ልግዛ የሚል ወላጅ ካለ መልሴ «ሕፃኑ እስኪያድግ ቆዩ» ነው። ልጄ ቤት ግን እስስቷ ቀድማ ነበር፤ ልጁም ይወዳታል። ስለዚህ እንደ ዋርድ ሕግ አወጣሁ። የማንጎ ክፍል በር ሁልጊዜ ይዘጋል። ሕፃኑ እዚያ አይገባም። ዕቃዋ የወጥ ቤት መታጠቢያ ውስጥ፣ ሕፃኑ በሚታጠብበት ሳፋም አይታጠብም። እሷን መሳም የለም። የነካት ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃኑን አይነካም፣ ጡጦም አይዝም። የልጄ ባል «እማማ፣ ቤታችን ሆስፒታል ሆነ እኮ» ብሎ ቀለደብኝ። «አዎ፣ አለቃዋም እኔ ነኝ» አልኩት።

እዚህ አገር ላለን ደግሞ ሁለት ቃል ልበል። የእኛም ደጋ የራሷ እስስት አላት፤ አዲስ አበባም ግቢና አጥር ላይ ትታያለች። ዝናቡ ሲያባራ ልጆች ይዘው ካርቶን ውስጥ ያስቀምጧታል። አትፍሯት፣ አትግደሏትም፤ መርዝ የላትም። ግን የቤት እንስሳ አይደለችም። ካርቶን ውስጥ ውኃ አጥታ፣ ፀሐይ አጥታ በዝምታ ትሞታለች። ልጁን አትቆጡት። አብራችሁ አይታችሁ፣ ዓይኗ እንዴት እንደሚዞር ተደንቃችሁ፣ ወደ ቁጥቋጦዋ መልሷትና እጃችሁን ታጠቡ።

ሁለተኛው ስለ ሕፃናት ነው። ዛሬ ከተማችን ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ አራስ እናት ከአምስተኛ ፎቅ መውረድ ይከብዳታል። ስለዚህ ልጁን በመስታወት ኋላ የሚያሞቁ ቤቶች በዝተዋል። ከመስታወት ኋላ ያለ ፀሐይ ይሞቃል፣ ያስተኛል፣ ደስ ይላል፤ አጥንት ግን አይሠራም። እዚህ አገር ያለን ሰዎች መስኮቱን እንክፈት፣ በረንዳ እንውጣ። ልጁ ከብርድና ከንፋስ ተጠብቆ፣ ዓይኑ ከፀሐይ ተከልሎ፣ የጤና ባለሙያ በነገረን መጠን እናሙቀው። በብርድ አገር ላሉ ልጆቻችን ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ «ምን ያደርጋል» ብለን አናስተዋቸው። ልታርሱ የምትሄዱ እናቶች በሶውንና አብሹን ያዙ። ምክራችሁን ግን ከመስጠታችሁ በፊት የዚያን አገር ሐኪም ጠይቁ።

እኔ ከተመለስኩ ሁለተኛ ወሬ ነው። ትናንት ማታ በስልክ ምስላቸውን እያየሁ ሳወራ ሕፃኑ ጥርስ አውጥቶ አሳዩኝ። ከዚያ ልጁ ስልኩን ነጥቆ ወደ ክፍሉ ሮጠ። «እማማ፣ ዝም ብለሽ እዪ» አለኝ። ፌንጣውን ቅጠሉ ላይ አስቀመጠው። ማንጎ በዚያች በጎበጠች እግሯ ቅርንጫፉን ጨብጣ፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ወደ ፊት አዞረች። ምላሷ ሲወጣ እንኳ አላየሁትም፤ ፌንጣው ብቻ ቦታው ላይ የለም። «አየሽ?» እያለ ይጮኻል።

«አየሁ። አሁን እጅህን ታጠብ» አልኩት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።